ጋሽ አራጌና የሰው ጥራጊ

በየሰፈሩ ምንም ነገር ሲጣል ማየት የማይሆንለት አንድ ሰው አለ። ከሌለ ያ ሰፈር ገና ሰፈር አልሆነም። ይህ ሰው የተበጠሰ የጫማ ማሰሪያ ጎንበስ ብሎ ያነሳል፤ የጀሪካን ክዳን ኪሱ ይከታል፤ እርስዎ «ተወው ባክህ፣ ቆሻሻ ነው» ሲሉት አዝኖልዎት ራሱን ይነቀንቃል። ሚስት ካለችው ደግሞ ቤቷ ውስጥ መተላለፊያ አጥታ ትኖራለች።

በመካነ ሰላም ዳርቻ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ ባለው መንደር፣ ይህን ሹመት ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ጋሽ አራጌ ናቸው። ክዳንና ማሰሪያ አይነኩም፤ ደረጃቸው አይደለም። ክቡርነታቸው የሚፈልጉት የሚበሰብስ ነገር ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የዶሮ ኩስ፣ የበግ በጠጥ፣ አመድ፣ ዱዓ ከሚደረግበት ከወዳጃ ቤት የተጣለ የጫት ገራባ፣ ከጠላ ቤት አተላ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ በዓል ያለፈበት ቄጠማ። እስላም ክርስቲያን ሳይሉ የሁሉንም ቤት ጓዳ የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። ማን ዶሮ እንዳረደ፣ የማን ምድጃ ደግሞ ሦስት ቀን አመድ እንዳላወጣ በጆንያቸው ይለያሉ። ተናግረው ግን አያውቁም፤ ይህን ማንም ልብ ያለላቸው የለም።

ሀሊማ ከማንም በላይ ታውቃቸዋለች፣ ቤታቸው አጥር ለአጥር ነውና። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ደጇን ጠርጋ ጥራጊውን ሰብስባ ቀና ስትል፣ ጋሽ አራጌ ጆንያ ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«ሰላም አደርሽ ሀሊማ? ላሟ እንዴት አደረች? እሱን እንዳትጥይው፣ ይጠቅማል።»

ካሏት ሦስት ነገር አንዷ ለሷ፣ አንዷ ለላሟ፣ ሦስተኛዋ ለጥራጊው መሆኗ ነው። ሀሊማ ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ብቻዋን ናት። ብቸኛ ልጇ ፈርሂያ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። እንግዲህ በቀን መጀመሪያ የሚያናግራት ሰው ለላሟና ለጥራጊዋ ይበልጥ ሲጨነቅ ማየት ደስ አይልም። «ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን እኔንም ጆንያ ውስጥ ይከተኛል» ትላለች ለጎረቤት። ጎረቤት ይስቃል።

«ይጠቅማል» ከአፋቸው የማትወርድ ቃል ናት። ለቅሶ ቤት ይገቡና፣ ጎንበስ ብለው የሐዘንተኞቹን ጉልበት ይነካሉ። «እግዚአብሔር ያጥናችሁ። ይሄን የተነጠፈውን ገለባ ግን ስትነሱ እንዳታቃጥሉት።» ሰርግ ቤት ይሄዱና ሙሽሮቹን መርቀው ሳይጨርሱ ዐይናቸው ወደ ጓዳ ይሄዳል። «የሽንኩርቱን ልጣጭ ማን ነው የያዘው?» በገበያ ቀን ከከላላ በኩል የሚመጡ በቅሎዎች ሲያልፉ፣ ጋሽ አራጌ ጭንቅላታቸውን አቀርቅረው ኋላ ኋላቸውን ይከተላሉ። ከፊት «እንዴት ዋሉ?» የሚል ሰው መልስ አያገኝም። የበቅሎ ፋንድያ የሚመለከት ሰው ቀና ብሎ ሰላምታ አይመልስም።

ይህ ሁሉ የሚገባው ከቤታቸው ጀርባ ወዳሉት ሦስት ጉድጓዶች ነው። ከታች አገዳ፣ ከላዩ ለምለም ቅጠል፣ ከዚያ እበት፣ ከዚያ አመድና አፈር፤ እንደገና ከአገዳ ይጀመራል። መሐሉ ላይ ረጅም ዘንግ ይተከላል። ጋሽ አራጌ ጠዋት ጠዋት ዘንጉን ይመዙና በመዳፋቸው ይዳብሱታል፣ ያሸቱታል፣ ትንሽ ያስባሉ። ሐኪም ቤት ውስጥ እንዲህ ተጠንቅቆ በሽተኛ የሚያይ ቢገኝ ኖሮ ስንት ሰው በዳነ። መንገደኛም ቢያልፍ አይለቁትም። «ና እስቲ ንካው፣ ትኩሳት አለው።» መንገደኛው ከነካ በኋላ ደርሶ እንደሆነ ቢጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ገና ነው»። ለስምንት ዓመት ከዚያ ጉድጓድ ለማንም አንድ እፍኝ ሰጥተው አያውቁም። መንደሩም ንፉግ አላቸው። በራሳቸው ማሳ ላይ ብቻ ሲበትኑት ይታያሉ፤ ሽንኩርታቸውም እውነት ለመናገር የሚያስቀና ነበር።

ከሚሌኒየሙ በኋላ በመጣው ዘመቻ ግን ጋሽ አራጌ ሰዓታቸው የደረሰ መስሏቸው ነበር። እያንዳንዱ ቤት የብስባሽ ጉድጓድ ይኑረው ተባለ። የልማት ጣቢያዋ ሠራተኛ ሉሊት ደብተር ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። መንደሩ በሙሉ ቆፈረ። ቆፍሮም ቁጥቋጦ ሞላበት፣ አፈር መለሰበት፣ ዘንግ ተከለበት። ከሩቅ ሲያዩት ወረርሽኝ ገብቶ ሰው ያለቀበት መንደር ይመስል ነበር።

ችግሩ የመጣው ጎብኚዎች ይመጣሉ ሲባል ነው። ጎብኚ ዘንጉን ይመዛል፤ ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ብስባሹ ሕይወት አለው ማለት ነው። መንደሩ መላውን ወዲያው አገኘ። መኪናዋ አቧራ እያስነሳች ስትታይ የየቤቱ ዘንግ ምድጃ ላይ ነበር። ሀሊማም የሷን አሞቀች፣ አልዋሽም። ከታች ሰፈር ያለችው እቴቴ ደግሞ ሰዓቱ ሲያጥራት ዘንጓን የሚፈላው ሽሮ ውስጥ ነክራ ሮጣ ተከለችው። ዋናው ጎብኚ የእቴቴን ዘንግ ረጅም ጊዜ አሸተቱት። «ይህ በደንብ የበሰለ ነው» አሉ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

የጋሽ አራጌ ዘንግ ሲመዘዝ ቀዝቃዛ ሆኖ ወጣ።

እውነተኛ ብስባሽ ሲደርስ ይቀዘቅዛል። ይህን በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለማስረዳት አፋቸውን ሲከፍቱ ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ቤት እየሄደ ነው። እቴቴ ሞዴል ተብላ አካፋ ተሸለመች፤ የጋሽ አራጌ ስም አጠገብ «ክትትል ያስፈልገዋል» ተብሎ ተጻፈ። በማግሥቱ ጠዋት ጆንያቸውን ይዘው ሀሊማ በር ላይ ቆሙ።

«ሀሊማ፣ ትኩሳቱ የወረደለት በሽተኛ ዳነ ይባላል እንጂ ሞተ ይባላል?»

«እንጃ ጋሽ አራጌ» አለች፣ ዐይናቸውን ላለማየት መጥረጊያዋን እያራገፈች። የሷን ዘንግ ማን እንዳሞቀው ያውቁ ነበር። አልጠየቋትም። ልጣጩን ወሰዱና ሄዱ።

ስለ ጋሽ አራጌ ቤት ትንሽ ልበል። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ልጃቸው ምስክር ከመንደሩ ልጆች ጋር በቦሳሶ በኩል በጀልባ ወደ ዓረብ አገር ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ስምንት ዓመት ሆኖታል። አብረውት የወጡት አንዳንዶቹ ደውለዋል፣ አንዱም ተመልሷል፤ ስለ ምስክር የሚናገር ግን የለም። ጋሽ አራጌም አያነሱትም፤ ሰውም ይፈራል። እሳቸው የሁሉንም ደጅ ይረግጣሉ፤ የሳቸውን ደጅ የሚረግጥ የለም። ሰዉ «ይሸታል» ይላል። የማይሸት ነገር ነው፤ ግን ሰበብ ከተገኘ ማን ያሸታል።

ሀሊማ አንድ ነገር ታዝባለች። ጥራጊ የሌለ ቀን «ዛሬ የለም ጋሽ አራጌ» ስትላቸው ወዲያው አይሄዱም። ጆንያውን ያጥፉታል፣ ይፈቱታል፣ እንደገና ያጥፉታል። ያኔ «ሥራ ፈት» ትልና በሯን ትዘጋለች። በሩን ዘግታ ደግሞ በዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ ብላ ትቆማለች። አጥር ለአጥር ያሉ ሁለት ባዶ ቤቶች ነበሩ፤ ስለ ልጣጭ ብቻ ይነጋገሩ ነበር።

ከዚያ ፈርሂያ መጣች።

ስድስት ዓመት ከጅዳ በስልክ ብቻ የምትሰማው ልጅ አንድ ቀን ከሚኒባስ ወርዳ ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። ያ ቤት ድምፅ አገኘ። ፈርሂያ ሬዲዮ ትከፍታለች፣ እቃ ታንኳኳለች፣ ለእናቷ በአረብኛ ትስቅባታለች። ሀሊማ ዱዓዋ ሁሉ አንድ ሆነ፤ ይቺ ልጅ ተመልሳ እንዳትሄድብኝ። ፈርሂያም ላለመሄድ ነበር የመጣችው። የአባቷን ወንዝ ዳር መሬት አሳረሰች፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር አመጣች፣ ቀይ ሽንኩርት ልተክል ብላ በጥቅምት የችግኝ መደብ አወጣች።

ችግኙ እንደ አረንጓዴ ፀጉር ጥቅጥቅ ብሎ በቀለ። ሀሊማ ሰው አላየውም ብላ አሥር ጊዜ አመሰገነች። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት መደቡ መሐል አንድ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተኝቶ ተገኘ። ከሰዓት በኋላ ሰፌድ አከለ። በሦስተኛው ቀን የቆመ አልነበረም።

ሀሊማ «ዓይን ነው» አለች። ልጄ ወርቅ አድርጋ ገበያ ወጣች፣ ሰው አያት፣ በቃ። እቴቴ መጥታ «ምች ነው» አለች። ፈርሂያ ግን ማንንም አልሰማችም። እደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ስልኳን አየች።

«እማ፣ አንድ መደብ እደግማለሁ» አለች። «ይሄኛውም ከወደቀ ጥምቀት ሳይደርስ እሄዳለሁ። ደላላው መንገድ አለ ብሎኛል።»

«በየት በኩል?»

ፈርሂያ ስልኳን ኪሷ ከተተች። ያኔ ጉዞው ስለታገደ በሕጋዊ መንገድ የሚሄድ አልነበረም፤ ሀሊማ በየት እንደሆነ ገባት። የምስክር መንገድ ነው። «ያ ረቢ» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

በማግሥቱ ፈርሂያ የወደቀውን ችግኝ ነቅላ በቅርጫት ይዛ ስትመጣ፣ ጋሽ አራጌ እንደ ወትሮው በር ላይ ናቸው። ሀሊማ የሚሉትን ታውቃለች። ዛሬስ እንዳይሉት ብላ ልታቋርጣቸው አፏን ስትከፍት፣ ጋሽ አራጌ ከቅርጫቱ አንድ ችግኝ አነሱ፣ ወደ ብርሃን አቀረቡት፣ ቅርጫቱንም ከልጅቱ እጅ ተቀበሉ።

«ይሄን ጣይው» አሉ። «አርቀሽ ጣይው። ብታቃጥይው ይሻላል።»

ሀሊማ የሰማችውን አላመነችም። ስምንት ዓመት ከሳቸው አፍ «ጣይው» የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ነው የደነገጠችው፤ ነገሩ የምር መሆኑን ያወቀችው።

«ዓይን አይደለም?» አለች።

«አንገቱን እዪው። እዚህ ጋ፣ ከአፈሩ ጋር የተገናኘበት። ክር ሆኗል አይደል? ፈንገስ ነው። በዐይን የማይታይ ሻጋታ። አፈሩ ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ርጥበት ሲያገኝ ይነሳል፤ ጨቅላውን አንገቱን ይዞ ይጥለዋል።»

«መድኃኒት የለውም?» አለች ፈርሂያ። «እገበያው ሱቅ ውስጥ በጠርሙስ የሆነ ነገር አይቻለሁ።»

«ምን እንደሆነ ተጽፎበታል?»

«አልተጻፈበትም።»

«እንግዲህ ምን እንደሆነ የማታውቂውን ለልጅ አታጠጭም።» ጋሽ አራጌ ችግኙን አስቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጆሮ ሰጥቷቸዋል፤ ቃላቸው ተጣደፈ። «አፈርሽ ባዶ ነው ልጄ። በባዶ ቤት ማንም ገብቶ ይቀመጣል። በደንብ የደረሰ ብስባሽ ግን በሕይወት የተሞላ ነው፤ በዐይን የማይታዩ ደጋጎች አሉበት። ሰርግ ቤት ቀድሞ የገባ መቀመጫውን ይይዝ የለም? እነዚያ ቀድመው ከገቡ ክፉው ሲመጣ መቀመጫም አያገኝ፣ ምግብም አያገኝ። እንዲያውም አንዳንዶቹ እሱኑ ይበሉታል። ያልደረሰ ብስባሽ ከሆነ ግን ሽንኩርትሽን ቶሎ ይገድልብሻል። ስለዚህ ነው ገና ነው የምለው። ሰው ንፉግ ይለኛል።»

ይህን የመጨረሻውን ያሉት ወደ መሬት እያዩ ነው።

ሀሊማ ኩራቷን ዋጠች። ባሏ ሲሞት እንኳ ማንንም ያልለመነች ሴት ናት። «ጋሽ አራጌ፣ አፈር ስሆን፣ ከጉድጓድዎ ይስጡን። ይቺ ልጅ ትሄድብኛለች» አለች።

ጋሽ አራጌ ጆንያውን አጠፉት፣ ፈቱት፣ አጠፉት። በአጥሩ ላይ አሻግረው ወደ ራሳቸው ቤት ተመለከቱ። ሀሊማ ንፉግነታቸው ነው ብላ ልቧ ደነደነ።

«አብሽሪ» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ጠዋት አመጣለሁ።»

በማግሥቱ ያ ጆንያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሆኖ ሀሊማ ደጅ ገባ። ጥቁር፣ ልቅ፣ ዝናብ የመታው ጫካ የሚሸት አፈር ነው። ደግመው ሄዱ፤ ሠለሱ። እስከ ቀትር ተመላለሱ።

«ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?» አለች ሀሊማ።

«ሦስት ጉድጓድ አለኝ እኮ» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። ኩራታቸው ያስታውቃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መከራ ገባ። መደቡ ከድሮው ቦታ ይነሳ፣ ከፍ ይበል፣ ዘሩ ይሳሳ፣ ውሃ በጠዋት ብቻ ይጠጣ፣ ማታ ማን አጠጣ፣ ይሄ ጣሳ ለምን በቀጥታ ይገለበጣል። በቀን ሦስት ጊዜ ይመጣሉ፤ ዘንጋቸውን ይዘው በሱ እያመለከቱ ያዛሉ። ፈርሂያ «ሙዲሩ መጡ» ትላለች፤ በጅዳ አለቃ ማለት ነው። «በስድስት ዓመት እንደዚህ የተቆጣጠረኝ አለቃ አልገጠመኝም እማ። ያቺ ማዳም እንኳ ዓርብ ትተኛ ነበር።» ጋሽ አራጌ ቃሉ ምን እንደሆነ ጠይቀው ሲነገራቸው አልተቃወሙም። እንዲያውም ወደዱት መሰለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሲመጡ ጉሮሯቸውን ቀድመው ይጠርጉ ነበር።

ችግኙ በቀለ። ሀሊማ ቀን መቁጠር ጀመረች። አሥረኛው ቀን አለፈ። አሥራ አንደኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ወርዳ አየች፤ ቆሟል። እጇን ዘርግታ ልትነካው ፈለገችና ፈራች።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን የመደቡ ዳር ወደቀ። አንድ መዳፍ። ልክ እንደዚያኛው ጊዜ አጀማመሩ።

ፈርሂያ አየችና ወደ ቤት ተመለሰች። ስልኳ ጮኸ፤ እደጅ ወጥታ አነሳችው። ሀሊማ ከውስጥ ሆና «እሁድ» የሚለውን ቃል ሰማች። እሁድ የሚወጡ ሰዎች አሉ። ሀሊማ ነጠላዋን ሳትለብስ ወጥታ በአጥሩ ላይ ተጣራች። «ጋሽ አራጌ! ጋሽ አራጌ ወደቀ!»

እሳቸው መጡ። ተንበርክከው የወደቀውን አፈር በጣታቸው ጫሩ። ነጣ ያለ ነው። ጥቂት ጫር አድርገው ወደ መሐል ሲገቡ ጥቁሩ ጀመረ። «ብስባሹ እዚህ ጥግ አልደረሰም» አሉ። «የኔ ስህተት ነው። እንዲበቃ ብዬ አሳስቼው ነው።» የወደቀውን ከነአፈሩ አነሱና አርቀው ጣሉት። «አሁን የምናደርገው የለም። ጥቁሩ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን እናያለን።»

ያን ቀንና የሚቀጥለውን ቀን ሦስት ሰዎች አንድ ጥቁር መስመር ሲጠብቁ ዋሉ። ሀሊማ ምግብ አልበላ አላት። በሽታው ነጩን አፈር ጨረሰ፣ ጥቁሩ ዳር ደረሰ፣ ሁለት ሦስት ችግኝ ሞከረ። ከዚያ ወዲያ አላለፈም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መስመሩ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ነበር፤ በዚህ በኩል ባዶ፣ በዚያ በኩል አረንጓዴ።

ፈርሂያ ተቀምጣ መስመሩን ብዙ ጊዜ አየችው። ስልኳ ጮኸ።

«አልመጣም» አለች። ቀጥላም «አይ፣ ለሌላ ጊዜም አይደለም» አለች።

ሀሊማ ይህን ስትሰማ እጓዳ ገባችና መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ስትጨርስ ተነስታ ምስር ሠራች። የገና በዓል ሊደርስ ሳምንት ይቀረዋል፤ ጋሽ አራጌ ጾም ላይ ናቸው፣ በዘይት አቁላላችው። በሳህን ከድና አጥሩን ዞረች። ስምንት ዓመት በዚያ በር ገብታ እንደማታውቅ ትዝ ያላት መቀርቀሪያው የሚከፈትበትን ስታጣው ነው።

«ቤቶች!» አለች። መልስ የለም። ወደ ጀርባ ዞረች።

ሦስቱ ጉድጓዶች በተርታ ናቸው። የመጀመሪያው ባዶ ነበር። ወለሉ ድረስ ተጠርጎ ወጥቷል፤ የአካፋው ፍቀት እግድግዳው ላይ ይታያል። ሀሊማ ወደ ሁለተኛው ሄዳ ዘንጉን መዘዘች። በመዳፏ ነካችው። ትኩስ ነው። ሦስተኛውንም መዘዘች። እሱም ትኩስ ነው። ሁለቱም ገና ናቸው።

ከጉድጓዶቹ ወዲያ የጋሽ አራጌ የራሳቸው የሽንኩርት መደቦች አሉ፣ አራት። መንደሩ ሁሉ የሚቀናባቸው መደቦች። ሀሊማ ቀረብ ብላ አየች። አንድም የቆመ አልነበረም። አፈሩ ላይ አንገታቸው ክር የሆነ ችግኞች ተኝተው ደርቀዋል። ያን አወዳደቅ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ጋሽ አራጌ ከቤት ወጡ። ሳህኑን፣ ከዚያ ሀሊማን፣ ከዚያ ሀሊማ የምታየውን አዩ።

«ዘንድሮ መሬቱን ላሳርፈው ብዬ ነው» አሉ።

«ለማሳረፍ ዘር ይዘራል እንዴ ጋሽ አራጌ?»

ቆሙ። በእጃቸው ጆንያ ስላልነበረ እጃቸውን የሚያደርጉበት ጠፋቸው።

«የደረሰው አንዱ ብቻ ነበር» አሉ። «ለሁለት ቤት አይበቃም።»

«ታዲያ ከራስዎ አስቀድመው ለኛ?»

«እኔ የማስቀረው ሰው የለኝም ሀሊማ። ያንቺዋ አልሄደችም ነበር።» ወደ መደቦቹ አዩ። «ያኔም እንዲህ ነበር የወደቀው። ሽንኩርት ዘርተን ሁለት ዓመት ተከታትሎ በሰበሰብን። በሁለተኛው ዓመት ምስክር ‹አባቴ፣ ይሄ መሬት ሰው አያኖርም› አለኝ። ምን ብዬ ላስቀረው? ምኑን ይዤ? እሱ ከሄደ በኋላ ነው አፈር ማዳን የተማርኩት። ዘግይቼ።»

ሀሊማ የስምንቱን ዓመት ጥራጊ ያን ጊዜ ገባት። ልጣጩ፣ ገራባው፣ ለቅሶ ቤት ያለው ገለባ። ሥራ ፈት ያለቻቸው ቀን ሁሉ አንድ በአንድ መጣባት። ሳህኑን ሰጠቻቸውና «ሳይቀዘቅዝ ይብሉት» ብላ ወጣች።

በጥር መጀመሪያ የፈርሂያ ችግኝ ለመተከል ደረሰ። ከመሬታቸው የሚተርፍ ነበር። ጋሽ አራጌ ጆንያቸውን ይዘው ወደ ገበያ መውጣታቸውን ሀሊማ አጥሩ ጋ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ እሷ፣ ፈርሂያና ሞዴሏ እቴቴ ችግኙን ከነአፈሩ እየፈነቀሉ በሰፌድ ተሸክመው በዚያ በር ገቡ። ጥቁሩ አፈር በየሥሩ እንደተጣበቀ ነው። ይህ ችግኝ አንገቱ ጠንክሯል፤ ከእንግዲህ በቀላሉ የሚጥለው የለም።

ሁለት መደብ ጨርሰው ሦስተኛውን ሲጀምሩ ጋሽ አራጌ መጡ። ጆንያው በትከሻቸው ላይ ነው። ሦስት ሴቶች ግቢያቸው ውስጥ ጎንበስ ብለዋል፤ ያ ግቢ ሰው ካየ ስንት ጊዜው ነው። ጆንያውን አላወረዱም። ሰላምታም አልሰጡ። ወደ ተተከለው መደብ ጎንበስ አሉ።

«ጥልቅ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ምኑ ጋሽ አራጌ?» አለች ፈርሂያ።

«የተከልሽው። ሽንኩርት እንዲህ ተቀብሮ ራስ ይይዛል? ከፍ አድርጊው። እቴቴ፣ አፈሩን ከሥሩ አታራግፊው፣ ዋናው እሱ ነው። ርቀቱ ደግሞ ምንድን ነው ይሄ፣ አንድ መዳፍ ይሁን። መዳፍ ስል የኔን መዳፍ እንጂ የፈርሂያን ቀጭን መዳፍ አይደለም።» ድምፃቸው መሐል ላይ ተቆረጠ። አቧራ ነው ብለው አሳሉ፣ ዐይናቸውን በእጃቸው አሹ፣ ቀጠሉ። «ውሃው በየት ሊገባ ነው? ማን ነው ይሄን ቦይ እንዲህ ያጣመመው?»

ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ነበር የዋሉት። ማንም ዝም ይበሉ አላላቸውም። እቴቴ እንኳ «እሺ ጋሽ አራጌ» እያለች ታስተካክላለች። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሥራው አለቀ፤ መደቦቹ አራቱም ሞሉ፣ ተስተካከሉ፣ የሚታረም ነገር ጠፋ። ጋሽ አራጌ ከዳር እስከ ዳር አይተው ዝም አሉ። ፈርሂያ ሰፌዷን አነሳች፣ እቴቴ እጇን ታጠበች።

ሀሊማ ሰፌዷ ላይ አንዲት ችግኝ ቀርታለች። ወደ መጨረሻው መደብ ጥግ ሄደች፣ ጎንበስ አለች፣ ችግኟን ወደ ጎን አጋድማ ከተራው አውጥታ ተከለቻት። ከዚያ ቀና ብላ ጠበቀች።

«ሀሊማ» አሉ ጋሽ አራጌ ከኋላዋ። «ያቺ ጠማማ ናት።»

«የቷ?» አለች ሀሊማ።